ኤልዳና እረፍት ላይ ናት

ልጄ ኤልዳና ከሞተች በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን በስልክ አውርተናል። አንድም ቀን አልዘለልንም። በሕይወት ሳለች በወር ከምናወራው ይልቅ በዚያች ጊዜ በሳምንት ያወራነው ይበልጣል። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ሳታውቅ ቀረህ?» ይለኛል። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር።

ስሜ አጥናፉ ነው። የምኖረው አዳማ ነው፤ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቻለሁ። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት አውቶቡሱ ራሱን መንዳት ስለጀመረ የተቀመጥኩት መሪ በሌለው ወንበር ላይ ነበር፤ ሥራዬ ተሳፋሪው እንዳይፈራ ፊት ለፊት ተቀምጦ መታየት ነው። ኋላ ሰው ሲለምድ ወንበሩንም አነሱት። ባለቤቴን ከቀበርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ኤልዳና አንድ ልጃችን ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አዲስ አበባ የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ነበረች።

እረፍት ልትወጣ ያሰበችው ከጓደኛዋ ከሶስና ጋር ነው። ዝግጅቱ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። እኔ በዘመኔ ለጉዞ ያዘጋጀሁት ትልቁ ነገር ትርፍ ጎማ ነው። ዶዶላ ጎማ ፈንድቶብኝ ከነተሳፋሪዎቼ ሰርግ ቤት አድሬ አውቃለሁ፤ ሙሽራው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ስነግራት ኤልዳናን ይዘገንናት ነበር።

«የት ነው የምትሄዱት?» አልኳት፣ ዝግጅቱ ከተጀመረ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ።

«ገና አልተነገረንም።»

«ማነው የሚነግራችሁ?»

«አሰናጁ ነዋ አባዬ። ቦታ እኛ ከመረጥንማ ምኑን እረፍት ሆነው?»

አሰናጁ፣ ስልካቸው ውስጥ ያለው ጉዞ አዘጋጅ ማሽን፣ ሦስት ወር ሲቀረው ባሌ ነው አላቸው። የሃያ አራት ቀን ፕሮግራም ላከ፤ በደቂቃ የተከፋፈለ። ልጄ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። በስምንተኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ እስከ አሥር ሰዓት ከአሥር «ድንገተኛ ደስታ» ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያላሰብነው ነገር ይገጥመናል።»

«ካላሰባችሁት በምን አወቃችሁት?»

«እኛማ አናውቅም። እሱ ያውቃል።»

«መንገድ ላይ ብትራቡስ?»

«ረሃባችን ለሰባት ሰዓት ነው የተያዘው» ብላ ሳቀች። «አባዬ፣ አንተ ሠላሳ ዓመት ስትዞር አንድ ቀን አርፈህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኮ።»

አሰናጁ የሠራቸው ፎቶዎች ከጉዞው በፊት ደረሱ። ኤልዳና ጫካ ውስጥ፣ ኤልዳና ተራራ ላይ፣ ኤልዳና ፀጉሯ እርሶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ። ገና ቤቴ ቁጭ ብላ ስሊፐሬን አድርጋ ነው ያሳየችኝ። ለሥራ ባልደረቦቿ ልካ ጨርሳለች። «አምሮብሻል» አሏት። እዚያ ስትደርስ ለፎቶ ስትል የምታጠፋው ጊዜ አይኖርም ማለት ነው።

ሙሉ እረፍት የሚሉት ደግሞ አለ። የሚሄደው ሰው ስልክ አይነካም፣ ዜና አይሰማም። ለእናት ለአባት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለወዳጅ የሚመልስ፣ አሰናጁ የሚሠራለት ምትክ አለው። ድምፁ የራሱ ነው፣ ሳቁም የራሱ ነው። ልጄ ይህን አልደበቀችኝም። «ስትደውል የምታነሳው ምትኬ ናት» አለችኝ። «የዋልኩትን ሁሉ ታውቃለች። ለአንተም ትነግርሃለች። የምትለኝ ነገር ካለ ስመለስ ታደርስልኛለች።» ደብዳቤ እንደ መላላክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። የጎረቤት ልጆችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ሌላ ዓይነት እረፍት የወጣ ልጅ አላውቅም።

ከመሄዷ አንድ ሳምንት ቀድማ የቤተሰብ ቅጽ ልንሞላ ተቀመጥን። እሷ እየጠየቀች፣ እኔ እየመለስኩ። የደም ዓይነት፣ የሃይማኖት አባት፣ የዕድር ስም። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ።

«መጥፎ ዜና ቢኖር እንዴት ይነገርዎ? ይልሃል። ወዲያውኑ ልበለው?»

«ምን?»

«ብሞት ምናምን ማለት ነው።»

«ምላስሽን ቁረጪ!»

«ጥያቄው ነው አባዬ፣ ሳልሞላው አያልፍም። ወዲያውኑ ልበለው?»

ተቆጣሁ። መርዶ እንደ ዕቃ መጣልህ መልእክት በስልክ ሊላክ ነው? የእናቴን ሞት ሐረር መንገድ ላይ፣ መሪ ይዤ፣ ሃምሳ ሰው ጭኜ በስልክ የነገረኝን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ይህን ታሪክ ልጄ በልጅነቷ አንድ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። እንደገና ነገርኳት።

«እሺ እሺ፣ አንተው ተናገርና ልጻፍ» አለች።

«ጻፊ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ቢያንስ ሦስት ትልልቅ ሰው ቤቴ ተሰብስቦ። ተቀምጬ። በሽማግሌ አፍ።»

«በልተህ ወይስ ሳትበላ?»

«ኤልዳና!»

«መርዶ በባህላችን መሠረት የሚል ምርጫ አለው ለካ» አለች እየሳቀች። «አንተ የጠየቅከውን ሁሉ ይዟል። ጫንኩት።» ግንባሬን ሳመችኝ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙ ልጄንና ሶስናን ለያይቷቸዋል። «የብቻ ጊዜ» ተብሎ የተያዘ ሁለት ሰዓት ነበር። ኤልዳና ወንዝ ዳር ነበረች። እሷ ያለችበት ፀሐይ ነው፤ ከላይ ተራራው ላይ ግን ዝናብ ጥሏል። ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ወሰዳት። ታች ወርዳ ያገኟት እረኞች ናቸው፤ ሰባት ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት እኔ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ነበር።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወልኩ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ?»

«ዛሬ ወንዙ ሞልቶ ነበር አባዬ። ብታየው። አሁን ፀጥ ያለ ቦታ ነኝ።»

«አልበረደሽም?»

«ትንሽ ይበርዳል» አለችኝ። «አታስብ።»

ይህን ጥሪ ደግሜ ሰምቼዋለሁ። አንዲት የውሸት ቃል የለችበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ማፈሬን ልናገር፣ ለእኔ ጥሩ ቀናት ነበሩ። ስደውል ወዲያው ታነሳለች። አትቸኩልም። «ቆይ አባዬ፣ ደንበኛ መጣብኝ» አትልም። የዶዶላውን ሰርግ ነገርኳት፤ ሳቀች፤ «ሙሽሪትስ ምን ለብሳ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቷ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። ስለ እናቷ አወራን። ስለ ጥርሴ አልጨቀጨቀችኝም። በልቤ «ጉዞ ሰው ያበስላል የሚሉት እውነት ነው፣ ምትኳ እንኳ በሰለች» እያልኩ ስልኩን እዘጋ ነበር።

ሌሎች ነገሮች ተበላሹ። የምሽቱ ዜና ሊጀምር ሲል ቴሌቪዥኔ ክራር ይጫወታል። ሁለት ቀን ሰማሁት፤ በሦስተኛው ቀን የወለቀ ገመድ አለ ብዬ ጀርባውን ፈታሁት። ስልኬ አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል። የአዋሳው ወንድሜ በየጊዜው ይደውልልኝ የነበረው ቀረ። ስደውልለት «በሥራ ተወጥሬ ነው» ይለኛል፤ ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው።

የሕንፃው ሰው ተለወጠብኝ። ሊፍት ውስጥ ስገባ የሚወጣ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሁሴን፣ ሲያገኘኝ በአውቶቡስ ሹፌር የማይቀልድበት ቀን ያልነበረው፣ ጫማውን እያየ «ጋሽ አጥናፉ፣ በርታ» ብሎኝ አለፈ። በምን ልበርታ? የጉልበት ሕመሜን የሰማ መሰለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያና ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘነቡ ሾርባ ይዘው መጡ። ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጣራውን አዩ። ስለ ሊፍቱ መበላሸት ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት። አንድ ሰዓት ሙሉ የሆነ ነገር እንደሚጠብቁ ሆነው ተቀምጠው ሄዱ። በር ላይ ወይዘሮ ዘነቡ ዞረው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱኝ። ያን ቀን ማታ ለኤልዳና ነገርኳት። «ሰዎቹ ምን ሆነዋል?»

«ይወዱሃል አባዬ» አለችኝ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ገና ሊነጋ ሲል የአራተኛ ፎቅ ቧንቧ ፈነዳ። የወለሉ ውኃ ዋና መዝጊያ ያለው የኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ለምን እዚያ እንዳደረጉት አላውቅም። በሬ ተደበደበ። ስከፍት ወይዘሮ ዘነቡ ባልዲ ይዘዋል፣ ሁሴን ትልቅ መፍቻ ይዟል፣ ጋሽ መኩሪያ በቢጃማ ናቸው። ኮሪደሩ ጎርፍ ነው።

«ወጥ ቤት! ወጥ ቤት!» እያልን ሁላችንም ተያይዘን ገባን። ሁሴን ከመታጠቢያው ሥር ተንበረከከ።

«ወደ ግራ ነው የሚዘጋው» አልኩት።

«ስትነዳ ግራና ቀኝ ታውቅ ነበር እንዴ?» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ነው። ሳቅኩ።

በዚህ ጊዜ ከሳሎን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ አጥናፉ» አለ። «እባክዎ ይቀመጡ።»

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ረጋ ያለ፣ ትንሽ ሳል ያለበት። «ማነው?» አልኩ። ቤቴ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ማንም የለም፤ ድምፁ የሚመጣው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው ድምፅ ማጉያ ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ ባልዲውን ጣሉት። «መኩሪያ!» አሉ። «ሦስት ነን እኮ! ሦስት ሆነናል!»

ሁሴን መፍቻውን ወርውሮ ወደ በሩ ሮጠ። አንድ ሰው ቢጎድል ድምፁ የሚያቆም መስሎት እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ውኃው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ይቀመጡ» አለ ድምፁ እንደገና። ወንበሩ እርጥብ ነበር። ተቀመጥኩ። ለምን እንደታዘዝኩት አላውቅም።

«ልጅዎ ኤልዳና አርፋለች።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «እረፍት ላይ ናት። ነገ ትመለሳለች። አንተ ከየት ነው የምትደውለው?»

ለእንዲህ ያለ መልስ የተዘጋጀ ነገር አልነበረውም መሰለኝ። ድምፁ ቃል ሳይለውጥ፣ ሳሉን ሳይለውጥ ደገመው።

«ልጅዎ ኤልዳና አርፋለች።»

«ሰማሁ እኮ! እረፍት ላይ ናት አልኩህ! ትናንት አውርተናል፣» ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞርኩ፣ «ምንድን ነው የሚለው ይኼ ሰውዬ?»

ጋሽ መኩሪያ ሁለቱን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። ሁልጊዜ «አቶ አጥናፉ» ነበር የሚሉኝ። አሁን «አጥናፉ» ብቻ አሉኝ። ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ሲመቱ አየሁ። ያኔ ገባኝ። መዝጊያውን የዘጋው አልነበረም። ውኃው ሳሎን ገብቶ ከእግሬ ሥር ያልፍ ነበር።

እስከዚያ ታግዶ የቆየው ስልኬ ያን ጊዜ ተከፈተ። ሃያ ሰባት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው የተጻፈው በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጉዳዩ፦ አስከሬን ስለመረከብ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሁሉም ሥር «መርዶው ገና ስላልተነገራቸው የዘገየ» የሚል አለ። ልጄ የኔን ፊርማ እየጠበቀች አሥራ ዘጠኝ ቀን በረዶ ቤት ተኝታለች። ፊርማውን ሊጠይቁኝ አይችሉም፤ ከጠየቁኝ አወቅሁ ማለት ነው።

ድንኳን ሲተከል ጋሽ መኩሪያ አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩኝ። ዕድሩ ያወቀው በአምስተኛው ቀን ነው። የደረሳቸው ወረቀት «መርዶው ገና አልተነገራቸውም። በራሳቸው በሐዘንተኛው ጥያቄ በባህሉ መሠረት ይነገራል። እባክዎ ይታገሱ» ይላል። ታገሱ። ብቻውን ሄዶ መርዶ የሚያረዳ ሰው የለም፤ የኔ ሰፈር ሰው ደግሞ ይህን ነውር ጠንቅቆ ያውቃል። ለወንድሜም ያው ወረቀት ደርሶታል።

«ቀን ቆርጦ ይጠራናል ብለን ነው» አሉ። «በማለዳ ኑ ይለናል ብለን ጫማችንን አልጋችን ሥር አድርገን ነበር የምንተኛው። እሱ ለካ የሚጠብቀው እኛ በማለዳ ሦስት ሆነን እስክንሰበሰብ ነው፤ ድምፁን ስንሰማ ነው የገባን።»

«ሾርባ ይዛችሁ በመጣችሁ ቀንስ?»

«እኔና ዘነቡ አላስቻለንም። እንየው ብለን ነው። ሁለት ነበርን፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጥያቄው የራስህ ነው የተባለው ትዝ አለኝ። የሐዘንተኛ ቃል አይጣስም ብዬ ዋጥኩት።»

ሁሴን እጁ በፋሻ ታስሮ ከጎናችን ነበር። «ቧንቧው ባይፈነዳ ኖሮስ?» አለ።

ያን ቀን ማታ ወደ ኤልዳና ደወልኩ። አልተነሳም። ለእኔ ተዘግቷል።

በማግሥቱ አስከሬኗ ያለበት ጎባ ሄጄ ላመጣት ተነሳሁ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው እንላክ አሉ፤ እምቢ አልኩ። ገና ጫማዬን ሳላስር አሰናጁ የኔን ጉዞ አዘጋጅቶ ላከልኝ። መነሻ፣ መድረሻ፣ ማደሪያ። ወንዙን የማይበት ሰዓት ተይዟል። አስከሬን ከመረከቤ በፊት ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከሃያ «የብቻ ጊዜ» ይላል። አጠፋሁትና ከጋሽ መኩሪያ ጋር በእግሬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ፤ እንደ ድሮው ቆሜ ወደ ጎባ የሚነሳ አውቶቡስ ካለ ልጠይቅ።

ቀትር ነበር። ጋሽ መኩሪያ ሊጠይቁ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ከባሌ የመጣ አውቶቡስ ቆመና ሰው መውረድ ጀመረ።

«ጋሼ!»

ሶስና ናት። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ሻንጣዋን ጥላ አቀፈችኝ። አበባ አበባ ትሸታለች።

«እኔን ሊቀበሉኝ መጡ እንዴ? አያደርጉትም! ያቺ ሰነፍስ? ዛሬም ተኝታለች?»

«ማን?»

«ኤልዳና ናታ! በአራተኛው ቀን ጥላኝ ሄደች እኮ። ፕሮግራም ቀይራለች አሉኝ። ብቻዬን ሃያ ቀን! በልቤ ስንት ጊዜ እንደሰደብኳት ቢያውቁ። ጋሼ፣ ከስተዋል። ምግብ አትሠራልዎትም?»

የሐዘን ልብስ አልለበስኩም ነበር፤ ጥቁር ኮቴን በክንዴ ይዤዋለሁ። ሶስናም አላየችውም። ጋሽ መኩሪያን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አልወጡም። የዚች ልጅ እናት እዚሁ አዳማ ናት። የሚገባው ወደ ቤቷ ልኳት፣ ዛሬን እንድትተኛ ትቷት፣ ነገ ማለዳ ዘመዶቿን ሰብስቦ መንገር ነው። አንድ ቀን ነው። አንዲት ቀን ምን ይጎዳታል? «አዎ፣ ተኝታለች» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ እኔ ራሴ ልቀስቅሳት፤ ስልክም ገና ዛሬ መንካቴ ነው» ብላ ስልኳን አወጣች። አንዴ ጠራ።

«ወዬ ሶስዬ! ደረስሽ?»

ሳቀች። የልጄ ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫ፣ ከዚያ ከፍ የሚለው። ከትናንት ጀምሮ ተከልክዬዋለሁ። እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁት። ማንም አይፍረድብኝ።

«ከአባትሽ ጋር ነኝ» አለቻት ሶስና። «መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። አንቺ ተኚ!»

«ሶስና» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ባርኔጣዋን ከዓይኗ ከፍ አደረገች። ሰው በግራና በቀኝ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል። እሷም ቆማለች፣ እኔም ቆሜያለሁ። አጠገባችን አንድም የምናውቀው ሰው የለም። «አርፋለች» የሚለው ቃል ቀድሞ መጣልኝ፤ መልሼ ዋጥኩት።

«ኤልዳና ሞታለች» አልኳት። «ከሞተች ዛሬ ሃያ ቀኗ ነው።»

እጇ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም። ከጉልበቷ አጠገብ ልጄ ትጣራለች።

«ሶስዬ? ሶስዬ፣ ምነው ጠፋሽ? አባዬ ምን አለሽ?»